ስም የማይጻፍበት አዳራሽ

ሰኞ

ዳይሬክተሩ ዛሬ ቢሮው አስጠርቶ «ዝናቡ ሳያባራ ይከፈታል» አለኝ። አዳራሹን ማለቱ ነው። «ሰውና እሳት» ብለን ስም ያወጣንለት፣ ሙዚየሙ ከተቋቋመ ወዲህ ትልቁ ዐውደ ርዕይ። እስከ ዛሬ የሠራሁት ሁሉ የነፍሳትና የድንጋይ ሳጥን ነበር፤ ልጆች አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ጠርገው የሚሄዱበት። ይህ ግን የእኔ ነው። ምክትል ዳይሬክተርነቱም ከመክፈቻው በኋላ ይወሰናል። በግልጽ አልነገረኝም፤ «ቦርዱ ይመጣል፣ ዓይናቸው አንቺ ላይ ነው» አለኝ እንጂ። ከዚህ በላይ ምን ይበል?

ቤት ስገባ መብራት ጠፍቷል፤ እራቱ ቀዝቅዟል። ሌላው ሰው ጋዝ ለኩሶ ያሞቃል። እኛ ቤት ጋዝ የለም፣ ክብሪት የለም፣ ሻማ እንኳ የለም፤ ታናሽ ወንድሜ እሳት ማየት ስለማይችል። በያጅ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት የሚሠራበት ጋራዥ ውስጥ የጋዝ ሲሊንደር ፈንድቶ ሁለት እጁንና የፊቱን ግራ በላው። ከሆስፒታል ሲወጣ እኔና እማዬ ወደምንኖርበት ቤት መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ክብሪት ሲጫር ከሰማ ተነስቶ ይወጣል። እሳት ሰውን ሰው እንዳደረገው ቀኑን ሙሉ ስጽፍ ውዬ፣ ማታ በእጅ ባትሪ ቀዝቃዛ ሩዝ እበላለሁ።

ሳቄ መጣ። እማዬ «ምን አሳቀሽ?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት።

ረቡዕ

የመጀመሪያው ክፍል መግለጫ አለቀ። ጎብኚው ከደማቁ ኮሪደር ድንገት ጨለማ ውስጥ ይገባል። ድምፅ ብቻ፤ የአውሬ ትንፋሽ። ግድግዳው ላይ እንዲህ ይላል፦ «እሳት ከመገኘቱ በፊት ሌሊት ለሰው አልተሰጠም ነበር።» ወድጄዋለሁ። አዳራሹን የሚሠራው አናጺ ግን አንብቦ «ታዲያ ለማን ተሰጥቶ ነበር?» አለኝ። ለአውሬው፣ አልኩት። «አሁንስ?» አለ። መዶሻውን የያዘው ለጥያቄ አይደለም።

ሁለተኛው ክፍል ስለ እሳት ጥበቃ ነው። ሰው እሳት ማውጣት ከመቻሉ በፊት ረጅም ዘመን ሲጠብቅ ብቻ ኖሯል ይባላል። መብረቅ ያነደደውን ዛፍ አግኝቶ፣ ፍሙን በአመድ ሸፍኖ፣ ከሰፈር ሰፈር ተሸክሞት። ጠፋ ማለት ጠፋ ነው፤ ከሌላው መለመን፣ ወይ መስረቅ፣ ወይ በብርድ ማለቅ። ማን ይጠብቅ ነበር? እኔ ስገምት ማደን የማይችለው ነው። ሽማግሌው፣ ሽባው፣ ጉዳተኛው። «ለማንም የማይጠቅመው ሰው የመጀመሪያ ጥቅም» ብዬ ጻፍኩና ሰረዝኩት። በኋላ መለስኩት። ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነው።

አንድ ደንብ አውጥቻለሁ፤ በአዳራሹ ውስጥ የሰው ስም አይጻፍም። የንጉሥም፣ የጠቢብም፣ የፈልሳፊም ስም የለም፤ «ሰው» ብቻ። እሳት የማንም አይደለም። ዳይሬክተሩ ሲሰማ ወንበሩ ላይ ተደላደለና «ይህንንማ ለቦርዱ እኔ ራሴ ነኝ የምነግራቸው» አለ። ይንገር። ሐሳቡ የማን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።

ዓርብ፣ ምሳ ሰዓት

መነጽሬን ረስቼ ወጣሁ። ወንድሜ አመጣልኝ፤ በዝናብ፣ በእግሩ። ሙዚየሙ በር ላይ ሲሰጠኝ ዳይሬክተሩ ከመኪናው ወረደ። ዓይኑ ወንድሜ ፊት ላይ ተተክሎ ቀረ።

«ማነው?»

«የሰፈራችን ልጅ ነው፤ አንዳንዴ እልከዋለሁ» አልኩት።

እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም። ቸኩዬ ነበር። ደግሞ እውነቱን ብናገር ማስረዳቱ ሊበዛ ነው፤ መቼ፣ እንዴት፣ አይዞሽ፣ እግዜር ያውቃል። የሰው ከንፈር መጠጣ ሰልችቶኛል። ወንድሜ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ አጎንብሶ የጫማውን ክር እያሰረ ነበር። ጣቶቹ ስለማይታጠፉለት ብዙ ጊዜ ይወስድበታል። አልሰማም። ቢሰማ ኖሮ ቀና ይል ነበር።

ቅዳሜ

ወንድሜ ከእራት በኋላ ወዲያው ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። ደክሞት ነው። ትናንት በዝናብ ያን ያህል መንገድ ተመላልሶ።

ማክሰኞ

ዳይሬክተሩ ክፍሎቹን ዞረ። ጨለማውን፣ ጥበቃውን፣ የበሰለ ምግብ ጥርሳችንንና አንጀታችንን እንዴት እንዳሳነሰ የሚያሳየውን። እዚያ ላይ «እሳት ካየው ምን ለየው» ብዬ ጽፌያለሁ፤ ሠራተኛው ሲስቅበት ይውላል። ከዚያ ሸክላውና ብረቱ፣ አንድ መጥረቢያ ለማውጣት ስንት ዛፍ ከሰል እንደሆነ። ከዚያ ጦርነቱ፤ ሰው መጀመሪያ ያቃጠለው ምግቡን ይሁን የጠላቱን ቤት ማንም እርግጠኛ አይደለም። ከዚያ ሞተሩ። ሞተሩ ጋ የጻፍኩትን ጮክ ብሎ አነበበው፦ «ሰው እሳትን አላሸነፈም፤ ብረት ውስጥ ደበቀው እንጂ።» ደስ አለው።

መጨረሻ ላይ «ዋጋው» የሚለው ክፍል ገባ። የተቃጠለ ደን፣ የተቃጠለ ከተማ፣ የተቃጠለ ቤተ መጻሕፍት።

«ሰው የለበትም» አለ።

«የሞተው ሰው ብዛት ተጽፏል» አልኩት።

«ቁጥር ማንንም አያስለቅስም። ያ ልጅ የለም እንዴ? ያ የምትልኪው። እሱን ፎቶ ብናነሳውስ?»

ደሜ ፈላ። «ይህማ ጭካኔ ነው» አልኩት፣ አፌን ሞልቼ። ሰው መታያ ዕቃ አይደለም አልኩት። አየኝና «እንዳልሽ» አለ። «ባዶ ይሁን እንግዲህ። ቦርዱ በዚህ በኩል ነው የሚወጣው፤ መጨረሻ ያየውን ይዞ ነው የሚሄደው።»

ኮርቼ ነው የወጣሁት። ቤት ገብቼም ለወንድሜ ከወትሮው ለስለስ ብዬ ተናገርኩት። ለምን እንደሆነ አላወቀም፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ አልነገርኩትም።

ሐሙስ

እንቅልፍ እንቢ ስላለኝ ኮምፒውተሬን ከፍቼ የሆስፒታሉን ጊዜ ፎቶዎች አየሁ። ለማየት ብቻ። በየሳምንቱ የማነሳው እኔ ነበርኩ፤ ሐኪሙ «ቁስሉ እንዴት እንደሚሽር እናነጻጽራለን» ብሎ ስላዘዘኝ። የወንድሜ ዓይን ያኔ በፋሻ ተሸፍኖ ነበር። «እትዬ፣ በጣም ያስጠላል?» ይለኛል። «ደህና ነው፤ ቀና በል፣ ብርሃን ይግባልህ» እለዋለሁ።

አንዷ ትለያለች። ሁለቱ እጆች ነጭ አንሶላ ላይ ተዘርግተዋል፤ ከበላያቸው የፊቱ ግማሽ፣ ከመስኮቱ የገባ ብርሃን ወርዶበት። ምንም ያላሰብኩበት ፎቶ እንዲህ አምሮ መውጣቱ ይገርማል። ባለሙያ ቢያነሳው እንዲህ አይሆንም።

ማን ያውቀዋል? ፊቱ ከዚያ ወዲህ ተለውጧል፤ ቆዳ ተተክሎለታል። ስም አይጻፍም። እሱ ሙዚየሙ ውስጥ አይገባም፤ እሳት የሚል ቃል የተጻፈበትን በር አያልፍም። እማዬም ያለ እሱ ከቤት አትወጣም። ማንን ይጎዳል?

የማላውቀው ሰው ፎቶ ቢሆን ሁለቴም አላስብ። የራሴ ሰው ስለሆነ ብቻ መከልከል ራሱ አድልዎ ነው።

ዓርብ

ፎቶውን ለዳይሬክተሩ ሰጠሁት። ለረጅም ጊዜ አየው። «ከየት አገኘሽው?» አለኝ። «ከሆስፒታል» አልኩት። ውሸት አይደለም፤ የተነሳው ሆስፒታል ነው።

እሑድ

ወንድሜ ያልጠበቅኩትን ነገር ጠየቀኝ። ልብሴን ስተኩስ መጥቶ አጠገቤ ቆመና «የምትጽፊውን እስቲ አንብቢልኝ» አለኝ። ገረመኝ። ሞተሩንና ብረቱን ዘልዬ የጥበቃውን ክፍል አነበብኩለት፤ ያ የሚጎዳው አይመስለኝም ነበር። ሽማግሌው፣ ሽባው፣ ጉዳተኛው የሚለው ላይ ስደርስ ፈጠን ብዬ አለፍኩት። «ለማንም የማይጠቅመው ሰው» የሚለውንም አነበብኩ፤ በመሃል ማቋረጥ ይብሳል።

«ጠባቂው ይፈራው ነበር?» አለኝ።

«ምኑን?»

«እሳቱን። ሌሊቱን ሙሉ አጠገቡ ሲቀመጥ።»

«ይህን የሚያሳይ ማስረጃ የለም» አልኩት። እውነት ነው፣ የለም። እሱ ግን «ይፈራው ነበር» አለ። «ፈርቶትም ነው የጠበቀው።» ከዚያ ልብሴን ከእጄ ተቀብሎ አጠፈልኝ፤ በመዳፉ፣ ቀስ አድርጎ።

ይህን ዓረፍተ ነገር ሰሌዳው ላይ ልጨምረው አስቤ ነበር። ማተሚያ ቤቱ ቀድሞኝ ሰሌዳውን አትሞታል።

ሰኞ

አናጺው ፍሬሙን ሊለካ መጣ። ግድግዳውን ከወለል እስከ ጣሪያ ይሸፍናል። የፎቶውን ናሙና ዘቅዝቆ ይዞ «እጅ ነው ወይስ የዛፍ ሥር?» አለኝ። አዙሬ ሰጠሁት። ሜትሩን እየጠቀለለ «እናት ይኖረው ይሆን?» አለ፤ ለማን እንደተናገረ እንጃ። «አንተ ፍሬምህን ሥራ» አልኩት።

መግለጫው እንዲህ ነው፦ «እጅ። ወንድ፣ ሠራተኛ። እሳት ያበላው፣ እሳት በላው።» አጭር ነው። ይበቃል።

ረቡዕ

አዲስ ጣጣ። ዳይሬክተሩ ለመክፈቻው ሕያው እሳት ይፈልጋል፤ እንጨት በእንጨት አሽቶ በእንግዶች ፊት እሳት የሚያወጣ ሰው። ከቲያትር ቤት የቀጠርነው ተዋናይ ቀኑን ሙሉ አሽቶ ያወጣው ላብ ብቻ ነው። የእሳት አደጋ መርማሪው ደግሞ መጣና «ትንሽ እሳት፣ በብረት ትሪ ላይ፣ አንድ ባልዲ አሸዋ አጠገቡ» ብሎ ፈቀደ። ሲወጣ ተዋናዩን አየውና «ለዚህስ አሸዋውም አያስፈልግ» አለ። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ በጥርሴ ብቻ።

እራት ላይ ይህንኑ አወራሁ። «የእሳትን ታሪክ ሁሉ ሰብስቤ፣ እሳት የሚያወጣ አንድ ሰው አጣሁ። መሳቂያ ልሆን ነው» አልኩ። አባታችን የደን ጠባቂ ነበር፤ ክብሪቱ ሲረጥብበት በሁለት እንጨት እሳት ያወጣ ነበር። እኔን ሊያስተምረኝ ሲሞክር ሰልችቶኝ ተውኩት። ወንድሜ ግን ገና ጥርሱን ሳይለውጥ አወጣ። አባባ ያን ቀን ትከሻው ላይ አድርጎት መንደሩን ዞረ። ይህ ትዝ አለኝና፣ ማንኪያውን በሁለት መዳፉ መሃል አጣብቆ የሚበላውን ወንድሜን አየሁ።

«የእሳት ልጅ አመድ» አልኩ። ቀስ ብዬ ነው። ለራሴ ነው።

«ምን አልሽ?» አለች እማዬ።

«ስለ ሥራ ነው።»

ወንድሜ ሳህኑን አንስቶ አጠበና ክፍሉ ገባ። እማዬ ምግቡን ሳትጨርስ ተነሳች። ምላሴን በቆረጠው። ግን ደክሞኛል፤ የደከመው ሰው የሚናገረውን ማን ይመዝናል?

ቅዳሜ

ጓሮው የተለበለበ እንጨት ይሸታል። እማዬን ብጠይቃት «የጎረቤት ነው» አለች። ጎረቤቶቻችን ከሄዱ ሰንብተዋል፤ ቤቱ ተዘግቷል። ምናልባት የራሴ አፍንጫ ነው። ቀኑን ሙሉ ስለ እሳት የሚጽፍ ሰው ምን ሊሸተው?

ሰኞ፣ በችኮላ

የጭስ ማስጠንቀቂያው ጭስ በሌለበት ይጮሃል። የብረቱ ክፍል ሰሌዳ ተገልብጦ ተሰቅሏል። ተዋናዩ መዳፌ ተላጠ ብሎ አለቀሰ። ያልቅስ።

ዳይሬክተሩ ኮሪደር ላይ በስልክ ሲያወራ ሰማሁ፦ «ጠንካራ ናት። ልብ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ለቦታው እንዲህ ያለ ሰው ነው የሚያስፈልገን።» ስለ ማን እንደሆነ አልሰማሁም። ከሰዓት በኋላ ግን ሥራዬን በደስታ ሠራሁ።

ማክሰኞ

የወንድሜ መዳፍ ደምቷል። አዲሱ ቆዳ ተልጦ፣ እማዬ በጨርቅ ጠቅልላለታለች።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ወደቅኩ።»

«በሁለቱም መዳፍህ?»

እንደገና ሐኪም ቤት ሊያመላልሰኝ ነው፤ ያውም በዚህ ሳምንት! «አንተ ሰውዬ፣ ቢያንስ አዳራሹን እስክከፍት ሰላም ስጠኝ!» ብዬ ጮህኩበት። እማዬ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ «አፍሽን ያዢ አንቺ!» አለችኝ። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ተናግራኝ አታውቅም። እሱ ፈገግ ያለ መሰለኝ። የፊቱ ግማሽ ስለማይንቀሳቀስ ፈገግታ ይሁን ሌላ ነገር መለየት ያስቸግራል።

ሐሙስ

ነገ ነው። ቤት ስገባ እማዬ የወንድሜን ኮት እየተኮሰች ነበር። «ወዴት ነው?» ብላት «ሐኪም ጋ ቀጠሮ አለው» አለችኝ። ተመስገን፤ እኔን ሳያስቸግሩ ይሂዱ። ከአባባ ቀብር ወዲህ ያላደረገችውን ጫማዋንም ወልውላ በሩ ሥር አስቀምጣለች። ለሐኪም ይህ ሁሉ? አልጠየቅኳትም። ንግግሬን እያጠናሁ ነበር።

እሑድ

ከሐሙስ ወዲህ ዛሬ ነው ብዕር ያነሳሁት። በቅደም ተከተል ልጻፍ፤ ቅደም ተከተል ሥራዬ ነው።

ዓርብ ቦርዱ መጣ፣ ጋዜጠኞች መጡ፣ አዳራሹ ሞላ። ጨለማው ክፍል ውስጥ አንዲት ሴት ጮኸች፤ ጥሩ ምልክት ነው። የጥበቃው ክፍል ላይ ሁሉም ክብ ሠርቶ ቆመ፤ ተዋናዩ ቆዳ ለብሶ ተንበረከከ። አሸ። አሸ። እንጨቱ ሲጥ ሲጥ አለ እንጂ ጭስ የለም። ዳይሬክተሩ ሰዓቱን አየ። ከቦርዱ ሰዎች አንዱ «ክብሪት ልስጠው እንዴ?» አለና ሳቅ ሆነ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ያኔ ከኋላ ሰዎች መንገድ መልቀቅ ጀመሩ። ለእሱ ሰው ሁልጊዜ መንገድ ይለቃል። ወንድሜ ኮቱን ለብሶ፣ እማዬ ክንዱን ይዛው መጡ። በብብቱ ሥር ጫፋቸው የጠቆረ ሁለት እንጨቶች ይዟል።

«እትዬ፣ ልሞክር?» አለኝ።

ዳይሬክተሩ አጠገቤ ነበር። «እንዴ! የምትልኪው ልጅ!» አለ። እትዬ ማለት የሰፈር ልጅም ይላል። እኔ ወንድሜን ሳይሆን የበሩን ዘበኛ አየሁና «ይለፍ፤ ይሞክር» አልኩ።

ተንበረከከ። ጣቱ ስለማይታጠፍ እንጨቱን በሁለት መዳፉ መሃል አድርጎ ነው የሚያሽከረክረው፤ ለካ ጣት አያስፈልገውም። ዓይኑን ጨፍኗል። መንቀጥቀጡ ከሩቅ ይታያል። ጭሱ ብቅ ብሎ ሽታው አፍንጫው ሲገባ ጉልበቱ ከወለሉ ተነሳ፤ ሊሸሽ ነበር። እማዬ «አይዞህ የኔ ልጅ፣ አይዞህ» አለችው። ጉልበቱ ተመለሰ። ፍሙን በደረቅ ሣር አቅፎ እፍ አለበት፤ ነደደ። ነበልባሉን አገጩ ሥር እንደያዘ ዓይኑን ገለጠና አየው።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። የተሰማኝን ልጻፍ፦ ደስ አለኝ፤ ሮጬ ላቅፈው ነበር። በጓሯችን ሲለፋ የከረመው ለእኔ ነው፤ መዳፉ የደማው ለእኔ ነው። ወዲያው ግን መውጫው ትዝ አለኝ። አዳራሹ አንድ መውጫ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም በመጨረሻው ክፍል ነው።

«ደክሞሃል፤ በገባህበት ተመለስና እማዬን ይዘህ ቤት ሂድ» አልኩት በጆሮው።

«የልጄን ሥራ ሳላይ?» አለች እማዬ። በየሰሌዳው እየቆመች ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነባለች፤ አንድም አታልፍም። ቀድሜያቸው ልሮጥ ስል ያ ክብሪት ልስጠው ያለው የቦርድ ሰው ክንዴን ይዞ ስለ ብረት ማቅለጥ ጠየቀኝ። መለስኩለት። በደንብ ነው የመለስኩለት።

የመጨረሻው ክፍል ስደርስ ሰዉ ሁሉ ግድግዳውን ያያል፤ ዞሮ እሱን ያያል፤ እንደገና ግድግዳውን። ፊቱ ተለውጧል፤ እጁ ግን አልተለወጠም። ይህን አላሰብኩትም። አንዷ ስልኳን አውጥታ ሁለቱን ባንድ ላይ አነሳች። እማዬ ተጠግታ የፎቶውን አውራ ጣት በመሀረቧ ጠረገችው፤ አቧራ ያለበት ይመስል። ወንድሜ መግለጫውን አነበበ። አጭር ነው፤ እሱ ግን ረጅም ጊዜ ቆመ።

«ለሐኪሙ ነው ያልሽኝ» አለኝ።

«ለሐኪሙ ነበር» አልኩት።

ዳይሬክተሩ ከኋላዬ መጥቶ በሹክሹክታ «እንዲህ አድርጎ የሚያቀናጅ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። ሕያውን ሰው ከፎቶው ጋር!» አለኝ። አስቤበት ያመጣሁት መስሎታል። አላስተባበልኩም። እዚያው ለወንድሜ ሥራ ሰጠው፤ በየቀኑ ለተማሪዎች እሳት እንዲያወጣ።

ትናንት ወንድሜ ክፍሌ መጣ። ቁጭ በል ብለው አልተቀመጠም።

«ሥራውን እይዘዋለሁ» አለኝ። «ፎቶውም ይቆይ። መቼም ሰው እኔን ማየት አይተውም። አንድ ነገር ግን ታደርጊልኛለሽ። ሰኞ የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች የምታስጎበኚው አንቺ ነሽ። እዚያ ቆመሽ 'ወንድሜ ነው' በይ። አንድ ጊዜ። ያን ቀን በሩ ላይ እንዳልሽው ሳይሆን።»

ለካ ሰምቶኝ ነበር።

«ምክትልነቱ ሐሙስ ይወሰናል፤ እስከዚያ ታገሠኝ» አልኩት። «የገዛ ወንድሜን ግድግዳ ላይ እንደሰቀልኩ፣ እሱንም እንደካድኩ ዳይሬክተሩ ቢያውቅ ምን እላለሁ?»

«አንድ ጊዜ» አለ። «ከዚያ ይበቃኛል። ሁሉንም እተወዋለሁ።»

እማዬ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። «ስትይው እሰማለሁ፤ እኔም እመጣለሁ» አለች።

እለዋለሁ። ምን ከባድ ነገር አለው? ሁለት ቃል ነው።

ሰኞ

ተዘጋጅቼ ነበር። መንገዱን ሙሉ ስለማመደው ነው የሄድኩት። ተማሪዎቹ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። እማዬ ከኋላ፣ ከመምህራቸው አጠገብ ቆመች። ዳይሬክተሩ ግን ሳይጠራ መጣ፤ ሁለት የቦርድ ሰዎች አስከትሎ። ወንድሜ እንጨቱን ይዞ ተንበርክኮ ይጠብቀኛል።

አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ሰውየው ማነው?» አለች።

ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አይመጣም። አፌን ከፈትኩ።

«ከሠራተኞቻችን አንዱ ነው» አልኩ። «እዚህ አዳራሽ ውስጥ የሰው ስም አንጠራም። እሳት የማንም አይደለም።»

ውሸት የለበትም። ሠራተኛችን ነው፤ ዓርብ ተቀጥሯል። ደንብም ደንብ ነው። በኋላ ለብቻችን ስንሆን አስረዳዋለሁ ብዬ አሰብኩ። እሱ «እሺ፣ ኃላፊ» አለና ማሽከርከር ጀመረ። እሳቱ ከዓርቡ ይልቅ ፈጥኖ ወጣ። እጁ አልተንቀጠቀጠም፤ ዓይኑንም አልጨፈነም። ተማሪዎቹ «ድገመው! ድገመው!» ብለው ጮኹ፤ ደገመው። ዞር ስል እማዬ የነበረችበት ቦታ ባዶ ነው።

ሐሙስ

ተወሰነ። ምክትል ዳይሬክተር ነኝ። ቦርዱ በሙሉ ድምፅ። አናጺው አዲሱ ቢሮዬ በር ላይ ሰሌዳ ሊሰቅል መጥቶ «እዚህኛው ላይ ስም ይጻፋል መቼም?» አለኝ። ይጻፋል አልኩት። ሁለት ጊዜ አስተካክሎ ሰቀለው፤ ቀጥ ብሏል።

ቤት ውስጥ ለመናገር ጊዜ አላገኘሁም። እማዬና ወንድሜ እኔ ሳልመጣ በልተው ይጠብቁኛል፤ ማለቴ አይጠብቁኝም። ድስቱን ታጥቦ ተደፍቶ ነው የማገኘው። ጥፋታቸው አይደለም፤ የማመሸው እኔ ነኝ።

እለዋለሁ። አሁንማ ምን ያስፈራኛል? በሚቀጥለው ሳምንት፣ ነገሩ ሲረጋጋ።

ቅዳሜ

ተዘግቶ ወደከረመው የጎረቤት ቤት አዲስ ተከራይ ገብታለች። ዛሬ ከቢሮ ስመለስ ሳሎናችን ተቀምጣ አገኘኋት፤ ልትተዋወቅ መጥታ ነው። ቦርሳዬን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆምኩ። እማዬ ወንድሜን እያስተዋወቀች ነበር። «ልጄ ነው። ሙዚየም ነው የሚሠራው» ትላለች፣ ኮራ ብላ። ሴትየዋ ፊቱን አይታ አልደነገጠችም፤ እጁን ይዛ ሳመችው። ደግ ሴት ትመስላለች።

ከዚያ እኔን አየችኝ። «እሷስ? ልጅዎ ናት?» አለቻት።

እማዬ ብርጭቆ እየሞላች ነበር። ቀና አላለችም።

«አይደለችም» አለች። «የልጄ አለቃ ናት።»

ወንድሜን አየሁት። ውሃውን ተቀብሎ ለእንግዳዋ አቀበላት። ሴትየዋ ብድግ ብላ በሁለት እጇ ጨበጠችኝ። «ቤት ድረስ መጥቶ ሠራተኛውን የሚጠይቅ አለቃ በዚህ ዘመን የት ይገኛል?» አለችኝ። «ምን ያቆምዎታል፣ ይቀመጡ እንጂ።»

«ብዙ አልቆይም» አልኳት፤ በር አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ቦርሳዬን ታቅፌ ተቀመጥኩ።